የልኬት ምስክሯ

ውጤቱ ሁልጊዜ ከልኬቱ ቀድሞ ይደርሳል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ውብአንቺ ካፖርቷን ሳታወልቅ የዕለቱ ትንቢት ስክሪኗ ላይ ተደርድሮ ይጠብቃታል። ይህ ናሙና በዚህ ቅዝቃዜ እንዲህ ይሆናል፤ ያኛው ደግሞ ምንም አይሆንም። የእሷ ሥራ ናሙናዎቹን አንድ በአንድ በፈሳሽ ሂሊየም ወደሚሠራው ማቀዝቀዣ ማስገባት፣ እንደተባለው መሆናቸውን በዓይኗ ማየትና መፈረም ነው። ይህን ሥራ አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች። መጠሪያዋ «የልኬት ምስክር» ነው።

ዘመኑ ሁለት ሺህ ሰማንያ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ቦታው ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ ጉና ተራራ ግርጌ ያለ የቁስ ምርምር ማዕከል ነው። እዚያ የተሠራው ብርዱ ለማቀዝቀዣዎቹ ያግዛል ተብሎ ነው ይላሉ፤ ይህን ያለው ሰው በአራት ኬልቪን፣ ማለትም ከዜሮ በታች ሁለት መቶ ስልሳ ዘጠኝ ዲግሪ ሴልሺየስ፣ እና በጉና ብርድ መካከል ያለውን ልዩነት የሚያውቅ አይመስልም። ምርምር የሚለው ቃል በሩ ላይ ካለው ሰሌዳ አልወረደም፤ ውስጥ ግን የሚመራመር የለም። የሚጠይቀውም የሚመልሰውም ተንባዩ ነው። ተንባዩ ማለት የዓለም ቤተ ሙከራዎች ሁሉ የሚታዘዙለት የስሌት ሥርዓት ነው። ስንት ኪሎሜትር ዋሻ ከመሬት በታች የተቆፈረላቸው የቅንጣት ማፋጠኛዎች ከተዘጉ ሃያ ዓመት ሆኗቸዋል። ሁለት ፕሮቶኖች ሲላተሙ የሚወጣው አስቀድሞ ከታወቀ ማላተሙ ምን ይሠራል ተባለና መብራታቸው ጠፋ። እንደ ጉና ያሉትን ትንንሾቹን ያተረፋቸው ሕግ ነው። የሰው ዓይን ያላየው ልኬት ልኬት አይደለም ይላል ሕጉ። ስለዚህ የሰው ዓይን ተቀጠረ። ፊርማውም በቀለም፣ በወረቀት ላይ ይሁን ስለሚል በዚያ ሁሉ ስክሪን መካከል ገጹ የተቆጠረ አንድ ወፍራም መዝገብና አንድ እስክሪብቶ ተቀምጠዋል።

ልኬቱ ከትንቢቱ ጋር ከገጠመ «ጸድቋል» ይባላል፤ ናሙናውም ሥራውን ጨርሷልና ተፈጭቶ ይጣላል። ካልገጠመ ስህተት ነው፤ ስህተት ደግሞ ባለቤት ያስፈልገዋል። ስክሪኑ ምርጫ ያቀርባል፦ ሽቦው ተላቆ ይሆን? ሽቦውን ከናሙናው ጋር የሚያያይዘው የብር ቅባት በዝቶ ይሆን? ናሙናው ቆሽሾ ይሆን? ከእያንዳንዱ ሥር የሰው ስም የሚሞላበት ክፍት ቦታ አለ። ትንቢቱ ተሳስቶ ይሆን የሚል ምርጫ የለም። ስሙ ሦስት ጊዜ የገባበት ሰው ከዚያ ወዲያ በአገሪቱ የአንድም ቤተ ሙከራ ደጃፍ አይረግጥም። በዚህ የተነሳ ሠራተኛው ሁሉ አንድ ሙያ ተማረ፤ ማስማማት ይሉታል። ቁጥሩ አልገጥም ሲል ሽቦውን ነካ ማድረግ፣ ደግሞ መለካት፣ ደግሞ ነካ ማድረግ፣ እስኪገጥም ድረስ። ሲገጥም ይቆማል። ለምን እዚያ ላይ ቆመ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ውብአንቺም ታስማማ ነበር፤ ያውም ጎበዝ ነበረች። ይህን መደበቅ አያስፈልግም።

ናሙናዎቹን የሚያሳድጉት ጋሼ ስመኘው ናቸው። ስልሳ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ሠላሳ አንዱን ያሳለፉት እቶን ፊት ቆመው ነው። ብረትና ቴሉሪየም የተባለውን ንጥረ ነገር መዝነው፣ በኳርትዝ ቱቦ አሽገው፣ እቶን ውስጥ ያስገቡና ሙቀቱን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየቀነሱ አርባ ቀን ይጠብቃሉ። በመጨረሻ ቱቦው ሲሰበር እንደ ጥፍር የሳሳ፣ የሚያብረቀርቅ ክሪስታል ይወጣል። በነዚያ አርባ ቀናት በር በኃይል የዘጋ ሰው ወዮለት፤ ከሦስት ትውልድ ዘሩ ጋር ይሰደባል። ወደ እቶኑ ክፍል ከመግባታቸው በፊት እጃቸውን እስከ ክርናቸው ይታጠባሉ፣ ሦስት ጊዜ፤ አንድ ቀን እንኳ ሁለት ጊዜ ብቻ ሲታጠቡ ያያቸው የለም። ያም ሆኖ ሁለት ስህተት ተመዝግቦባቸዋል፤ ሁለቱም በዚሁ የብረትና የቴሉሪየም ክሪስታል የተነሳ። ይህ ነገር አንድ የሚደብቀው አመል አለው ይሉ ነበር፣ ስለ ልጅ እንደሚያወራ ሰው።

በኅዳር ወር አንድ ማክሰኞ ውብአንቺ የእሳቸውን ክሪስታል ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገብታ የኤሌክትሪክ ሬዚስታንሱን እየለካች ነበር፤ ማለትም ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ምን ያህል እንደሚገታው። ትንቢቱ ምንም ልዩ ነገር አይታይም ይላል። እስከ አራት ኬልቪን ወረደ፤ ምንም ልዩ ነገር አልታየም። በዚህ ጊዜ የሥራው ወግ ልኬቱን የሚጽፈውን መመዝገቢያ መዝጋትና ማሞቂያውን ከፍቶ ናሙናውን በፍጥነት ማውጣት ነው። ትንቢቱ የሚጠይቀው ሲቀዘቅዝ ያለውን ብቻ ስለሆነ ሲሞቅ የሚሆነውን መለካት ሂሊየም ማባከን ይባላል። ከዚያ ተራው የሚቀጥለው ናሙና ነው።

ውብአንቺ ግን ቸኩላለች። የጎረቤቷ የወይዘሮ ድንቄ ቀብር አምስት ሰዓት ላይ ነው። ተንባዩን ማስቀየም ይቻላል፤ ደብረ ታቦር ውስጥ የጎረቤት ቀብር ቀርቶ መኖር ግን አይቻልም። ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳ ስትሮጥ መመዝገቢያውን አልዘጋችም፣ ማሞቂያውንም አልከፈተች። ቤተ ክርስቲያን ቆየች፣ ድንኳን ገብታ ተቀመጠች፣ ከሟች ልጆች ጋር አለቀሰች። ስትመለስ ከቀኑ አሥር ሰዓት ሆኗል። ክሪስታሉ ማንም ሳይነካው በራሱ ጊዜ ቀስ እያለ ሲሞቅ ውሏል፤ መመዝገቢያውም ሲጽፍ ውሏል።

ግራፉን አየችው። መስመሩ አሥራ አንድ ኬልቪን ድረስ ደህና መጥቶ እዚያ ላይ ወደቀ። ዝቅ አለ ማለት አይደለም፤ ዜሮ ላይ ወደቀ። እስከ አሥራ ሰባት ኬልቪን ድረስ ወለሉ ላይ ተኝቶ ቆይቶ ተመልሶ ወጣ። ለስድስት ኬልቪን ያህል ያ ክሪስታል ኤሌክትሪክን ያለ አንዳች እንቅፋት ሲያሳልፍ ነበር ማለት ነው። ውብአንቺ መጀመሪያ የመጣላት ሐሳብ እንዴት ያለ ግኝት ነው የሚል አልነበረም። አሁን ይህን በማን ስም አስገባዋለሁ የሚል ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሰውን እዚህ ያደርሰዋል።

ጋሼ ስመኘውን ጠራቻቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ፣ ደግመው አወለቁ። ማሞቂያውን ከፍታ እንደሆነ ጠየቋት። አልነካሁትም፣ ለቅሶ ነበርኩ አለቻቸው። ወንበር ስበው ተቀመጡና መስመሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣታቸው ተከተሉት።

«ሠላሳ አንድ ዓመት ሲወርድ ብቻ ነው የተመለከትነው» አሉ በመጨረሻ። «ሲወጣ ዞር ብሎ ያየው የለም።»

በተከታዮቹ ሦስት ቀናት ደጋገሙት። ሽቦውን ቀየሩ፣ የብር ቅባቱን ቀየሩ፣ ከሌላ ቱቦ የወጣ ሌላ ክሪስታል አስገቡ። ያው ነው፤ አሥራ አንድ ላይ ይወድቃል፣ አሥራ ሰባት ላይ ይነሳል። ውብአንቺ ሆድ ይፍጀው ብለን እንተወው የሚል ሐሳብ አንስታ ነበር፤ ሁለት ስህተት ያለበት ሰው ሦስተኛውን በገዛ እጁ አይጠራም። ጋሼ ስመኘው ግን ይህን ሲሰሙ ተቆጡ። ያየነውን አላየንም ልንል ነው ወይ አሉና ሪፖርቱን እሳቸው ራሳቸው ጻፉት፣ አራቱንም ግራፍ አያይዘው ለተንባዩ ላኩት። መልሱ አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም፦ የናሙና ብክለት፤ ኃላፊ ስመኘው ታከለ፤ ሦስተኛ። የቀረው የምስክር ፊርማ ብቻ ነበር።

የማዕከሉ ዳይሬክተር ዶክተር ናሁሠናይ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው ነው። ሰውን ከሥራ ሲያሰናብት እንኳ የሚያስታምም ይመስላል። ውብአንቺን ቢሮው ጠርቶ አስቀመጣትና በሥርዓቱ መሠረት ምንም ማድረግ እንደማይቻል አስረዳት። እሷ ካልፈረመች እሷም በስህተቱ ትጠየቃለች፤ ለቅሶ ብላ መሣሪያ ክፍት ጥላ መሄዷም አብሮ ይነሳል። ያኔ ሁለቱም ይወጣሉ፤ ብትፈርምም ባትፈርምም ጋሼ ስመኘው ያው መውጣታቸው አይቀርም። የምትኖርበት ቤት የማዕከሉ መሆኑን አላነሳም። ማንሳት አላስፈለገውም።

«እህቴ፣ ማንንም አትጎጂም» አላት። «የሆነውን ማጽናት ብቻ ነው።»

ፈረመች። መዝገቡ ላይ የተጻፈው አጭር ነበር፦ ናሙናው ቆሻሻ መሆኑን አይቻለሁ። ቀና ስትል ጋሼ ስመኘው በሩ ላይ ቆመዋል፤ የእቶኑን ቁልፍ ሊያስረክቡ ነው የመጡት። ቀረብ ብለው የጻፈችውን አነበቡ።

«አየሽ?» አሏት።

 ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ወጡ።

ከዚያ በኋላ እቶኑ ቀዘቀዘ። ናሙና ከውጭ አገር በሳጥን ይመጣ ጀመር። በነጋታው ትንቢቱ እንደ ወትሮው ሁለት ሰዓት ላይ ደረሰ፤ ውብአንቺም እንደ ወትሮው አስማማች።  አንጀቷ የሚያረው በናሁሠናይ ብቻ አልነበረም፤ እንደ እሱ ያለ ሰውማ ስንት አለ። የገዛ እጇ ነው ያናደዳት። የአንድን ሰው የሠላሳ አንድ ዓመት ልፋት ቆሻሻ ብሎ ለመጻፍ አራት ሰከንድ እንኳ አልፈጀበትም።

በታኅሣሥ አጋማሽ እንደምንም ደፍራ ቤታቸው ሄደች። ፊት ይነሱኛል ብላ ነበር፤ አልነሷትም፤ ወንበር አቀረቡላት። ባለቤታቸው እትዬ ሙሉነሽ ግን ወደ ጓዳ ጠርተዋት ሰውዬው እንደተበላሹባቸው ነገሯት። ሠፈሩ ሁሉ የተበላሸ ነገር የሚያመጣው ለእሳቸው ነበር፤ ምድጃ፣ ራዲዮ፣ የውሃ ፓምፕ። አሁን አንዱንም አልነካም ብለዋል። ባለፈው ሳምንት የጎረቤት ምድጃ ይዘው ቆይተው ሳይከፍቱት ሲመልሱት አይተዋቸዋል። ቀን በቀን እጃቸውን እያገላበጡ ያያሉ፤ ከመታጠብ ብዛት ቆዳው ተሰነጣጥቋል አሏት።

ውብአንቺ ይቅርታ ልትጠይቅ ነበር የሄደችው። አፏን ሳትከፍት እሳቸው ቀደሟት።

«ውቤ፣ እስኪ እውነቱን ንገሪኝ» አሉ። «ምናልባት እውነትም ቆሽሾ ይሆን? ሳላውቀው እጄ ላይ የሆነ ነገር ኖሮ ይሆን?»

ደሟ ፈላ። ከሥራ ማስወጣታቸው ሳያንስ፣ ስማቸውን ማጥፋታቸው ሳያንስ፣ ሰውዬው የገዛ እጃቸውን እንዳያምኑት አደረጓቸው። ያደረጓቸው ደግሞ እነሱ ብቻ አይደሉም፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ፊርማ የእሷ ነው። ንጹሕ ነበር፣ አራት ጊዜ ለክተነዋል አለቻቸው። ሰሟት፤ እንዳላመኗት ግን ከዓይናቸው አወቀች። እንዴት ብለው ያምኗታል? በቀለም የጻፈችውን በዓይናቸው አንብበዋል።

በጥር ወር አንድ ጠዋት ትንቢቱ ሲመጣ ሁለተኛው መስመር ላይ ደርሳ ቆመች። የብረትና የቴሉሪየም ክሪስታል ቀስ ብሎ ሲሞቅ ከአሥራ አንድ እስከ አሥራ ሰባት ኬልቪን ሬዚስታንሱ ይጠፋል ይላል። ከሥሩም አለ፦ ተንባዩ በራሱ ስሌት የደረሰበት፤ በየትኛውም ቤተ ሙከራ ያልታየ። ውብአንቺ ሦስት ጊዜ አነበበችው። የላኩትን አራት ግራፍ ውጦ፣ ሁለት ወር አላምጦ፣ የራሱ አድርጎ መልሶታል። ስድብም ቢሆን ከዚህ የተሻለ ክብር አለው።

ማዕከሉ በደስታ አበደ። እንዲህ ያለ ትልቅ ትንቢት የማጽደቁ ዕድል ለጉና ሲደርስ የመጀመሪያው ነው። ከባሕር ዳር ባለሥልጣናት ተጠሩ፣ አንዲት ጋዜጠኛም መጣች፣ ኬክ ታዘዘ። ናሙና ከየት ይምጣ ሲባል መጋዘን ተፈተሸና «ብክለት» ተብሎ የታሸገ ከረጢት ተገኘ። ናሁሠናይ በገዛ እጁ የቀድሞውን ጽሑፍ ልጦ «ማረጋገጫ ናሙና» የሚል ለጠፈበት። ውስጡ ያለው ያው ክሪስታል ነው፣ ውብአንቺ ራሷ ያጣበቀችባቸው አራቱ ሽቦዎች እንኳ አልተነሱም።

እንግዶቹ ከኋላዋ ቆመው እያዩ አስገባችው። ቀዘቀዘ። ማሞቂያውን ሳትከፍት ለቀቀችው፤ ስድስት ሰዓት ያህል ጠበቁ፤ በመካከሉ ምሳ በልተው ተመለሱ። አሥራ አንድ ኬልቪን ላይ መስመሩ ወደቀ። አጨበጨቡ። አንዱ ባለሥልጣን የናሁሠናይን ትከሻ መታ መታ አደረገ። አሥራ ሰባት ላይ ሲነሳም ደግመው አጨበጨቡ፤ ምን እንደሆነ ግን የገባቸው አይመስልም። ናሁሠናይ መዝገቡን ገልጦ እስክሪብቶውን አቀረበላት። ትንቢቱ በተነገረው መሠረት መፈጸሙን አይቻለሁ ብላ ልትጽፍ ነው።

እሷ ግን ስለ ጋሼ ስመኘው ጠየቀችው። ስማቸው ከስህተት መዝገብ የሚወጣው መቼ ነው አለችው።

ናሁሠናይ ወደ እንግዶቹ ፈገግ እያለ ጎንበስ አለና በለስላሳው ድምፁ አስረዳት። የእሳቸው ልኬት የኅዳር ነው፤ ትንቢቱ የጥር ነው። በኅዳር ወር ትንቢቱ እንደዚያ ስለማይል ልኬቱ ስህተት ነበር። አሁን ትክክል መሆኑ ያኔ ስህተት መሆኑን አያስቀረውም።

«ክሪስታሉ ያው ነው» አለችው። «ተለወጠ?»

«ክሪስታሉ አልተለወጠም። ትንቢቱ ነው የተለወጠው።»

ይህን ሲል አላፈረም። እውነቱን ነው የተናገረው፤ በዚያ ቤት ውስጥ ይህ እንደ መልስ ይቆጠራል።  ውብአንቺ እስክሪብቶውን ተቀብላ መጻፍ ጀመረች፤ የጻፈችው ግን የተባለችውን አልነበረም። ናሁሠናይ የመጀመሪያውን መስመር ሲያነብ ፊቱ ላይ የነበረው ፈገግታ ጠፋ። እጁን ወረቀቱ ላይ አሳረፈ።

«አቁሚ» አለ። «ምን እያደረግሽ እንደሆነ አታውቂም። ምስክር በሐሰት ፈርሜያለሁ ካለ ከተቀጠረበት ቀን ጀምሮ የፈረመው ሁሉ ይሰረዛል። ሕጉ እንዲህ ነው የሚለው። የአንዱ ብቻ አይደለም፣ ሁሉም።»

ይህን አታውቅም ነበር። እሷ አንዱን ሐሰት ላስተካክል ብላ ነው የተነሳችው። ስንት ነው ብላ ጠየቀችው። ከሠላሳ ሦስት ሺህ በላይ እንደሚሆን፣ በዚያ ላይ ተመሥርተው የጸደቁ ትንቢቶች ደግሞ በሌሎች አገሮችም እንዳሉ ነገራት። አሁን ድምፁ ለስላሳ አልነበረም። እንግዶቹም ያዳምጡ ነበር።

«የአንድ ሽማግሌ ስም ለማጥራት ብለሽ ይህን ሁሉ ታፈርሻለሽ?» አላት።

ውብአንቺ እጁን ከወረቀቱ ላይ አነሳችው። በኃይል አልነበረም፤ የልጅ እጅ ከሳህን ላይ እንደሚነሳ ነው። ጻፈች፦ ኅዳር ሃያ ሦስት ቀን የፈረምኩት ሐሰት ነው። ናሙናው ንጹሕ ነበር። ዛሬ የታየውን ነገር መጀመሪያ ያሳየው ስመኘው ታከለ ያሳደገው ክሪስታል ነው፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ስሟን ከነአባቷ ጻፈች፣ ቀኑን ጨመረች፣ ፈረመች። ጋዜጠኛዋ ጠጋ ብላ ምን እንደተጻፈ ጠየቀች። ውብአንቺ መዝገቡን ወደ እሷ አዙራ ሰጠቻት።

«አሥራ አንድ ዓመት አስማምቼ ነው የፈረምኩት» አለች፤ ለጋዜጠኛዋ ይሁን ለናሁሠናይ አልታወቀም። «ከሠላሳ ሦስት ሺው ስንቱ እውነት እንደሆነ እኔም አላውቅም። እንደገና ይለካ፣ ሲወርድም ሲወጣም።»

ናሁሠናይ ናሙናዎቹ ሁሉ ተፈጭተው እንዳለቁ ተናገረ። ከእቶኑ እንዲህ ያለውን ክሪስታል የሚያወጣ ሰው እንደሌለም ሊጨምር አፉን ከፈተና ተወው።

«አዲስ ማሳደግ ያስፈልጋል» አለችው ካፖርቷን እየለበሰች። «የሚያሳድጉላችሁን ሰው ቤት ታውቁታላችሁ። ሄዳችሁ ለምኗቸው።»